ልጄ ጂኦሎጂውን ትቀጥል ወይስ ትተው?

ዛሬ እሁድ ነው፤ ኒውዮርክም ለንደንም ዝግ ናቸው። የዋጋ ሰንጠረዡን ነገ ጠዋት እንደተለመደው አወጣለሁ። እሁድ እሁድ ረዘም ያለ ነገር ስለምንጫወት፣ ዛሬ የማቀርብላችሁ ባለፈው ሳምንት በስልክ የተጠየቅኩትን ነው። ጥያቄዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሳስብባቸው ግን መልሳቸው አንድ ሆኖ አገኘሁት።

የደወሉልኝ በደቡብ ያለ የአንድ ቡና ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ቻናሉ ሲጀመር ጀምሮ አብረውን አሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ እሸት ቡና ዋጋ ትንሽ አማረሩ፣ ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"አንተ ድሮ ጂኦሎጂስት ነበርክ አይደል?"

"ነበርኩ ጋሼ። ምነው?"

"ልጄ የሦስተኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ናት። ትምህርቱን ልቀይር ትላለች። ኤአይ ሁሉንም ይሠራዋል፣ ስትመረቁ ሥራ የለም ብለዋታል። ምን ልበላት?"

መልስ ሳልሰጥ ሁለተኛውን ጨመሩ። ለአውሮፓው ሕግ ብለው የገበሬዎቹን ማሳ በጂፒኤስ የሚመዘግቡ ስድስት ወጣቶች ቀጥረዋል። አሁን አንድ ድርጅት መጥቶ፣ "ሳተላይትና ኤአይ አለን፤ ልጆቹን አሰናብቱና እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ማሳውን ሁሉ እንሥልላችኋለን" አላቸው። የጠየቀው ዋጋ ከስድስቱ ልጆች የዓመት ደመወዝ ያንሳል። ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል።

"እስከ ረቡዕ ጊዜ ይስጡኝ" አልኳቸው። የዛሬው ጽሑፍ በእነዚያ ቀናት ያሰብኩት ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ይሄው ጥያቄ በራችሁ ላይ እንደቆመ አውቃለሁ።

*እኔን ያሰናበተኝ ማሽን አይደለም*

ከራሴ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2011 ወርቅ በአውንስ 1,900 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። ያኔ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ የወርቅ ፍለጋ ድርጅት ጋ እሠራ ነበር። ካምፑ ሞቅ ያለ ነው፤ ሁለት የቁፋሮ ማሽን ቀንና ሌሊት ይሠራል፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች በየወሩ ይመጣሉ። በኤፕሪል 2013 ወርቅ በሁለት የገበያ ቀናት ብቻ ከ200 ዶላር በላይ ወረደ። በ2015 መጨረሻ 1,050 አካባቢ ነበር። እኔ ያን አላየሁም፤ የስንብት ደብዳቤዬ በ2014 መጣች። ሦስት መስመር ነበረች።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን እናንተ ነጋዴዎች ቶሎ ይገባችኋል። ቡና ላኪ ዋጋ ቢወርድበትም የሚጭነው ቡና አለው፤ ከስሮም ቢሆን ይሸጣል። የማዕድን ፈላጊ ድርጅት ግን የሚሸጠው ነገር የለውም። ከባለአክሲዮኖች በሚሰበስበው ገንዘብ ነው የሚኖረው። የወርቅ ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚደርቀው ያ ገንዘብ ነው፣ መጀመሪያ ሻንጣውን የሚሸክመውም ጂኦሎጂስቱ ነው። በነዳጅም ያው ነው። ብሬንት በ2014 አጋማሽ ከ110 ዶላር በላይ የነበረው በጃንዋሪ 2016 ከ30 በታች ሲወርድ፣ በዓለም ዙሪያ ስንት የነዳጅ ጂኦሎጂስት ቤቱ እንደገባ የሙያው ሰዎች አይረሱትም።

አሁን ደግሞ ገበያው ዞሯል። ወርቅ በኦክቶበር 2025 የ4,000 ዶላርን መስመር ተሻገረ። በእኛም አገር በ2017 በጀት ዓመት ወርቅ ቡናን በልጦ ቀዳሚው የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆነ። ፍለጋ ተመልሷል። ስለዚህ ለልጅቷ "ሥራ የለም" ያሏት ሰዎች ዛሬ ገበያ ላይ ያለውን ነገር አላዩም።

ግን እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድርጅቶች ዋጋ ሲወድቅ ያሰናበቱትን ሰው ዋጋ ሲመለስ በዚያው ቁጥር አይቀጥሩም። በመካከል ማሽን ገዝተዋል፣ ሶፍትዌር ለምደዋል። ማሽኑ በር ላይ ቆሞ ማንንም አያባርርም፤ በዋጋ የወጣው ሰው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። የልጅቷ ፍርሃት መነሻው ይሄ ከሆነ ከንቱ ፍርሃት አይደለም።

*ማሽኑ በእርግጥ የወሰደው*

ጀማሪ ጂኦሎጂስት ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ ለማታውቁት ልንገራችሁ። መሬቱ በአልማዝ ጫፍ መሰርሰሪያ ይቆፈራል። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዱላ የመሰለ ድንጋይ ኮር ይባላል፤ በሳጥን ይደረደራል። ጀማሪው ሳጥኑ ፊት ቁጢጥ ብሎ ሜትር በሜትር ይመዘግባል፤ የአለቱን ዓይነት፣ ቀለሙን፣ ስንጥቁን፣ በውስጡ ያለፈውን ነጭ ሥር፣ የሚያብረቀርቀውን ማዕድን። ፀሐይ፣ አቧራ፣ የወገብ ሕመም። በቀን 50 ሜትር ከመዘገብኩ ጎበዝ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ዓመቴ 14 ሜትር ያህል ነጭ ሥር የበዛበትን ኮር "ኳርትዝ" ብዬ ሞላሁ። ወርቅ ብዙ ጊዜ ከኳርትዝ ሥር ጋር ስለሚገኝ ልቤ ዘሏል። በደርግ ዘመን አዶላ ላይ የሠሩ አንድ አንጋፋ ጂኦሎጂስት አብረውን ነበሩ። መጡ፣ ሳጥኑ ላይ ውሃ አፈሰሱ፣ ከኪሳቸው ሰንጢ አውጥተው ነጩን ፋቁት። ተፋቀ። ኳርትዝ በሰንጢ አይፋቅም፤ ያ ካልሳይት ነበር። "ልጄ፣ ሳትነካ አትጻፍ" ብለውኝ ሄዱ። አፍሬ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ዛሬ ይህን ሥራ ስካነር ይሠራዋል። ሳጥኑ ከሥሩ ያልፋል፤ ማሽኑ ብርሃን ጥሎ ከድንጋዩ የሚመለሰውን ብርሃን ይለካል፤ ማዕድን ሁሉ ብርሃን የሚመልስበት የራሱ መንገድ ስላለው ኳርትዙን ከካልሳይቱ ይለያል። አይደክመውም፣ ልቡም አይዘልም። የእኔን ስህተት ማሽኑ አይሠራም ነበር። ይህን መካድ አልፈልግም። በማይክሮስኮፕ ሥር የማዕድን ፍሬ መቁጠርም፣ የሳተላይት ምስል ላይ የአለት ድንበር መሥመርም፣ ነዳጅ ፍለጋ ላይ የከርሰ ምድር ሞገድ ምስል ውስጥ ስብራት እየፈለጉ ቀኑን መዋልም እንዲሁ እየሄዱ ነው። የሳምንታት ሥራ የሰዓታት ሆኗል።

ይሄ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሪዮ ቲንቶ በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ የብረት ማዕድን ማውጫዎቹ ላይ ያለ ሹፌር የሚሄዱ ግዙፍ ገልባጭ መኪናዎችን መሞከር የጀመረው በ2008 ነው። ዛሬ መኪናዎቹንም ባቡሮቹንም የሚከታተሉት ሰዎች 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ፐርዝ ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠዋል።

ስለ ፍለጋም አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በ2000 ጎልድኮርፕ የተባለው የካናዳ ድርጅት ኦንታሪዮ ባለው የሬድ ሌክ ማዕድኑ ወርቁ ወዴት እንደሚቀጥል ጠፋበት። የድርጅቱ መሪ ሮብ ማክዩን ሚስጥር ተብሎ የሚጠበቀውን የጂኦሎጂ መረጃ በሙሉ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው፤ "የት እንቆፍር?" ብሎ የ575,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ። ያሸነፉት አውስትራሊያውያን ነበሩ፤ ማዕድኑን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። በኮምፒውተር የከርሰ ምድሩን ሞዴል ሠርተው የት እንደሚቆፈር አሳዩ። በውድድሩ የተጠቆሙት አብዛኞቹ አዳዲስ ቦታዎችም ወርቅ ሰጡ።

የዛሬዎቹ የእነዚያ ልጆች ናቸው። ኮቦልድ ሜታልስ የተባለው፣ ቢል ጌትስና ጄፍ ቤዞስ በኢንቨስትመንት ፈንድ በኩል ገንዘብ ያስገቡበት ድርጅት በዛምቢያ ሚንጎምባ በሚባል ቦታ የመዳብ ክምችት በኤአይ እየታገዘ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ2024 መጀመሪያ ክምችቱ በጣም ትልቅ መሆኑን አስታወቀ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ 537 ሚሊዮን ዶላር ሰብስቦ ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። ወሬው ሲዞር "ኤአይ መዳብ አገኘ" ተባለ። ነገሩ እንደሱ አይደለም። ሚንጎምባ ላይ መዳብ እንዳለ ከድሮ ቁፋሮ ይታወቅ ነበር። ኮቦልድ ያደረገው ያረጀውን የቁፋሮ መዝገብ ከአዲሱ ጋር አጣምሮ ቀጣዩ ጉድጓድ የት ቢቆፈር ይበልጥ እንደሚያስተምር ማስላት ነው። ያን ያረጀ መዝገብ የጻፈው ማነው? ሳጥን ፊት ቁጢጥ ያለ አንድ ጀማሪ ጂኦሎጂስት ነው።

*ናሙናው ውሸት ከሆነስ?*

ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ናሙናው ጥሩ፣ ጭነቱ ሌላ። ናሙና የተወሰደው ከላይ ካለው ጆንያ፣ ሥር ያለው የረጠበ። ላቦራቶሪው የመጣለትን ቀምሶ ትክክለኛ ነጥብ ሰጠ፤ ቀማሹ አልተሳሳተም፣ ማሽኑም አልተሳሳተም። ችግሩ ናሙናው ከመምጣቱ በፊት ነው።

በወርቅ ዓለም የዚህ ትልቁ ምሳሌ ብሬ-ኤክስ ነው። ይህ የካናዳ ድርጅት በ1990ዎቹ በኢንዶኔዥያ ቦርኒዮ ደሴት፣ ቡሳንግ በሚባል ቦታ ከ70 ሚሊዮን አውንስ በላይ ወርቅ አለኝ አለ። አክሲዮኑ ሰማይ ነካ፣ ድርጅቱ 6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ ተገመተ። በ1997 ገለልተኛ ባለሙያዎች ሄደው ሲቆፍሩ ምንም የለም። የተፈጨው ናሙና ላይ ከውጭ ወርቅ እየተነሰነሰበት ነበር።

ላቦራቶሪው በየጊዜው ትክክለኛ ቁጥር ነበር የሚሰጠው፤ ናሙናው ውስጥ በእርግጥ ወርቅ ነበረና። ቁጥሩን ይዞ ሞዴል የሠራው ኮምፒውተርም በስሌቱ አልተሳሳተም። ምልክቱ የነበረው ሌላ ቦታ ነው። በሙያው ልማድ ኮር ለሁለት ተሰንጥቆ ግማሹ ለማስረጃ ይቀመጣል፤ እዚያ ግን ሙሉው ይፈጭ ነበር። የወርቁ ፍሬም ጫፉ የተሸራረፈ፣ ክብ ክብ ያለ ነበር። ውሃ ያንከባለለው የወንዝ ወርቅ ነው ክብ የሚሆነው፤ ከአለት የወጣ ወርቅ ሸካራና ጠርዛማ ነው። አሶሳም ሻኪሶም ወንዝ ዳር በገበቴ ወርቅ የሚያጥብ ሰው በእጁ አገላብጦ ሊነግራችሁ የሚችለው ነገር ነው።

ማሽን የተሰጠውን ያነባል። የተሰጠው ነገር ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደነካው፣ ለምን ግማሹ እንዳልተቀመጠ አይጠይቅም። ያን የሚጠይቅ፣ ጠይቆም በሪፖርቱ ላይ ስሙን የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ባንክ ከኤአይ ጋር ውል አይገባም፤ ከፈረመው ሰው ጋር እንጂ።

*ከጥላው ሥር ያለው ቡና*

ወደ ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ጥያቄ እንምጣ። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ፣ ቁጥር 2023/1115፣ ቡናን ጨምሮ በሰባት ምርቶች ላይ ተፈጻሚ ነው። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የመጣ ምርት አይገባም። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ይሠላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል። መጨረሻ ላይ በተላለፈው ውሳኔ ትልልቆቹና መካከለኞቹ አስመጪዎች የሚጀምሩት ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ነው፤ ትንንሾቹ ጁን 30 ቀን 2027። ጊዜው ሁለቴ መገፋቱ ብዙዎቻችንን አዘናግቷል።

ማሳ በሳተላይት መሥራት ይቻላል? ይቻላል፤ እንደ ቦታው ነው። ሁመራ ወይም መተማ ሂዱ። የሰሊጥ ማሳው ሜዳ ነው፣ ድንበሩ ከላይ ጥርት ብሎ ይታያል። እዚያ ሶፍትዌሩ በአንድ ከሰዓት የሚሠራውን ስድስት ልጆች በወር አይጨርሱትም። ክርክር የለውም።

አሁን ደግሞ ጌዴኦ እንሂድ። በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው መልክዓ ምድር ማለት ነው። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፤ ሁሉም አንድ ማሳ ላይ። ከላይ ሲታይ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ነው። የአቶ እገሌ ማሳ የት አልቆ የጎረቤቱ የት እንደሚጀምር ሳተላይቱ አያውቅም። ድንበሩ አንድ የእርጥብ ተክል ረድፍ ወይም አባቶች የተስማሙበት ድንጋይ ነው።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን የምርምር ማዕከል ያወጣው የ2020 የደን ካርታ በ10 ሜትር ዝርዝር የዓለምን ደን ያሳያል። በሕግ አስገዳጅ አይደለም፤ ግን ብዙ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ካርታው ዛፍ ያያል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን መሬቱ ለምን እንደዋለ ነው፤ በዋናነት ለእርሻ የዋለ መሬት ዛፍ ቢኖረውም ደን አይባልም። ስለዚህ አያቱ ጀምሮ ቡና የሚለቀምበት ማሳ ካርታው ላይ "ደን" ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በሁለተኛው ዓመት ገበሬው ያረጀ ቡናውን ቢጎነድል ወይም የጥላ ዛፉን ቢገርዝ፣ ማሽኑ "ደን ቀንሷል" ብሎ ቀይ ምልክት ያደርጋል። ገዢው ያን ቀይ ምልክት ይዞ ኢሜይል ይልካል። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ላይ ቆሟል።

ያኔ "ይሄ ጉንደላ ነው፤ ማሳው ይኸው፣ ፎቶው ይኸው፣ የቀበሌው ማስረጃ ይኸው" ብሎ የሚመልሰው ማነው? ቢሮ ቁጭ ብሎ የሣለው ድርጅት አይደለም። ማሳው ላይ የቆመው ልጅ ነው።

ጂኦሎጂስቱና የማሳ መዝጋቢው አንድ ናቸው የምለው ለዚህ ነው። ሁለቱም ከላይ የሚታየውን ከታች ካለው ጋር የሚያገናኙ ሰዎች ናቸው። ማሽኑ ከላይ ያለውን በሙሉ ይወስዳል፣ ይውሰድ። ከታች ያለው ግን እግር ይፈልጋል።

የጅቡቲን መንገድ ያነሳሁት በምክንያት ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ መሬት ስትንቀጠቀጥ በመተሐራና በአዋሽ በኩል ጭነት የነበራችሁ ሁሉ ስልካችሁን ይዛችሁ አድራችኋል። የራዳር ሳተላይት መሬቱ ምን ያህል እንዳበጠና እንደሰጠመ ይለካ ነበር፤ ጥቃቅኑን ንዝረት ለይቶ የሚቆጥር ኮምፒውተርም ዛሬ አለ። ነገር ግን ልኬቱን አይቶ "ይህ ቀበሌ ዛሬ ይነሳ" የሚለውን ቃል ለሰዎቹ ፊት ለፊት የሚናገር፣ በማግስቱ ምንም ባይፈጠር ወቀሳውን የሚቀበል ባለሙያ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቶ ነበር። ያን ያህል ሰው በማሽን ቃል ብቻ ከቤቱ አይወጣም።

*የሚያስጨንቀኝ*

እስካሁን ያልኩት የሚያጽናና ይመስላል። አሁን የማያጽናናውን ልናገር።

ማሽኑ የጀማሪውን ሥራ ነው የወሰደው። የአንጋፋውን አይደለም። ድርጅቱ ሰንጢ ያወጡትን ሽማግሌ ይፈልጋል፤ እኔን ግን አይፈልገኝም፤ ለእኔ ስካነር አለው። በአጭር ጊዜ ሒሳቡ ትክክል ነው። ግን እኚያ ሽማግሌ ከየት መጡ? እሳቸውም አንድ ጊዜ ካልሳይቱን ኳርትዝ ብለው የጻፉ ልጅ ነበሩ። ማሽኑ የእኔን ስህተት አይሠራም ነበር፤ እኔም ያን ትምህርት አላገኝም ነበር።

በቡናም አስቡት። ጥሩ ቀማሽ እንዴት ይወጣል? ዓመታት ሲኒ እያጠበ፣ ውሃ እያፈላ፣ የአንጋፋውን ነጥብ ከራሱ ጋር እያስተያየ፣ እየተሳሳተ። ነገ ማሽን ጉድለት ያለበትን ፍሬ በካሜራ ቆጥሮ ቢጨርስና ሲኒ አጣቢውን ብናሰናብት፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ከገዢ ጋር ስንጣላ "ይሄ ቡና እንዲህ ነው" ብሎ የሚከራከርልን ከየት እናመጣለን?

ይህን ዋጋ ማንም በሰንጠረዡ ላይ አይጽፈውም። ዛሬ የተቆጠበው ደመወዝ ይታያል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠፋው ሰው አይታይም። እኔን ያሳደገኝ ሰው ለእኔ ጊዜ የነበረው ድርጅቱ ደግ ስለነበር አይደለም፤ ሳጥኑን የሚመዘግብ ሌላ ስላልነበረ ነው። አሁን ሌላ መዝጋቢ አለ። ስለዚህ ማስተማር ከእንግዲህ በአጋጣሚ አይሆንም፤ ተወስኖ፣ በጀት ተይዞለት ነው የሚሆነው።

*ረቡዕ ማታ ያልኳቸው*

ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ደወልኩላቸው። ለቦርዱ አራት ነገር አልኩ።

አንደኛ፣ ሶፍትዌሩን ግዙት። እምቢ ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ማሽኑ ይሥራው።

ሁለተኛ፣ ልጆቹን አታሰናብቱ፤ ሥራቸውን ቀይሩ። ሁሉንም ማሳ በእግር መዞራቸው ይቅር። ማሽኑ የተጠራጠረውን፣ ጥላ የበዛበትን፣ ዘንድሮ የተጎነደለውን ብቻ ይሂዱ። ፎቶ፣ ቀን፣ የገበሬው ቃል፣ የጎረቤት ምስክር ይያዙ። ቀይ ምልክት ሲመጣ የምትመልሱት በዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሉን አንብቡት። ዳታው የዩኒየኑ ይሁን፤ ድርጅቱ ቢዘጋ ወይም ዋጋ ቢጨምር የገበሬዎቻችሁ ካርታ ይዞ እንዳይሄድ። በስህተት ካርታ ጭነት ቢቆም ኪሳራው የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። መጥቶ ያነጋገራችሁ ሰው ይህን ለመጻፍ ካቅማማ መልሱን አገኛችሁ።

አራተኛ፣ ከልጆቹ አንዷን ወይም አንዱን ሶፍትዌሩን እንዲማር መድቡ። በዓመቱ መጨረሻ ማሽኑ የት የት እንደሚሳሳት የሚያውቅ የራሳችሁ ሰው ይኑራችሁ።

"ስለ ልጄስ?" አሉኝ።

"ትቀጥል ጋሼ" አልኩ። ግን እኔ እንደተማርኩት አይደለም። ፕሮግራሚንግና ስታቲስቲክስ ከጂኦሎጂው እኩል ትያዝ፤ ማሽኑን የማታዝ ከሆነ ማሽኑ ያዛታል። የመስክ ጉዞ የሚባል ነገር እንዳያመልጣት፤ ዩኒቨርሲቲው በበጀት እጥረት ሲያሳጥረው እንኳ በራሷ ትሂድ። ሦስተኛው የዋጋ ተንታኝ ምክር ነው፤ ሕይወቷን በወርቅ ዋጋ ላይ ብቻ አታስር። የከርሰ ምድር ውሃ፣ የእንፋሎት ኃይል፣ የግድብና የሕንፃ መሠረት፣ የመሬት መንሸራተት ጥናት፤ እነዚህ ወርቅ ሲወድቅ አብረው አይወድቁም። እኔ ይሄ ቢነገረኝ ኖሮ ምናልባት ዛሬም መዶሻዬ እጄ ላይ ነበር።

*ሐሙስና ከሐሙስ በኋላ*

ቦርዱ ሶፍትዌሩን ገዛ። ከስድስቱ ልጆች አራቱን አቆየ፣ ሁለቱን አሰናበተ። ሥራ አስኪያጁ ሲነግሩኝ ደስ ያላቸው አይመስሉም። ከተሰናበቱት አንዱ ከሁሉም ቀድሞ የተቀጠረ፣ ቀበሌዎቹን በስም የሚያውቅ ልጅ ነው። "ኮምፒውተር ላይ ደካማ ስለሆነ ነው" አሉኝ። ይህን ያነሳሁት ምክሬ ሁሉንም እንዳላዳነ እንድታውቁት ነው። በልጁ ጭንቅላት ውስጥ ያለው ካርታ የትኛውም ፋይል ላይ አልተጻፈም። ስለሱ እንደገና እንዲያስቡበት ጠይቄአቸዋለሁ፤ "ለሚቀጥለው ስብሰባ አቀርበዋለሁ" ብለዋል።

ዓርብ ማታ ልጅቷ ራሷ ደወለችልኝ። አባቷ የካልሳይቱን ታሪክ ነግረዋታል።

"ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ" አለች። "እርስዎ የተሳሳቱት ሽማግሌው አጠገብዎ ስለነበሩ ነው የተማሩበት። እኔ ስመረቅ ሳጥኑ ፊት የሚቀመጠው ስካነሩ ነው። እኔ የት ተቀምጬ ልሳሳት?"

ትንሽ ዝም አልኩ። ከዚያ የመጣልኝን ነገርኳት። በዚህ ክረምት ቤት ስትመጣ ከአራቱ ልጆች ጋር ማሳ ትዙር። ሶፍትዌሩ የሣለውን ይዛ ትሂድ፣ የተሳሳተበትን ቦታ ሁሉ በደብተር ትጻፍ፣ ለምን እንደተሳሳተ ደግሞ ገበሬውን ትጠይቅ። ቡና ድንጋይ አይደለም፤ ግን ሥራው ያው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍም ይወጣዋል።

"ደመወዝ አለው?" አለችኝ። የነጋዴ አገር ልጅ ናት።

አባቷን እንድትጠይቅ ነገርኳት። ጋሼ፣ ይህን እያነበቡ ከሆነ መልሱን ቤት እየጠበቀች ነው።

ከእናንተ መካከል ሳተላይት የሣለውን ማሳ ተቀብሎ ጭነት የላከ፣ ወይም ቀይ ምልክት መጥቶበት የመለሰ ላኪ ወይም ዩኒየን ካለ እንዴት እንደሆነ ከታች ጻፉልን፤ ለሌላው ይጠቅማል። ነገ ጠዋት በዋጋ እንገናኝ። መልካም እሁድ።